ለሰፈራችን ሲስተር እና ለቀይ መስቀል ልጆች፦ እግዜር ይስጥልን

ይሄን የምጽፈው አንዲት ነርስ ለማመስገን ነው። ስሟን እዚህ አልጠራም፣ እሷም አትወድም። የሽሮ ሜዳ ሰው ግን «ሲስተር» ስል ማንን እንደሆነ ያውቃል። ቦርሳዋን አንግታ ያንን ዳገት በየቀኑ የምትወጣው፣ የጤና ጣቢያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ። ከእሷ ጋር ደግሞ ቅዳሜያቸውን ሰውተው ያለ ምንም ክፍያ ያሰለጠኑንን የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች አብሬ አመሰግናለሁ።

ጤና ኤክስቴንሽን ሲባል ብዙ ሰው ክትባት አስታዋሽና ስለ ሽንት ቤት ጠያቂ ብቻ ይመስለዋል። በ1995 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው ሥራ ከተማ ሲገባ ነርሶች ተመድበውበት ነው፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ግፊት ይለካሉ፣ ነፍሰ ጡር ይከታተላሉ፣ መድኃኒት ያቋረጠ የቲቢ ታካሚ ካለበት ፈልገው ያገኛሉ። የኛዋም ይሄን ሁሉ ትሠራለች። እኔ ግን ሌላውም ሰፈር እንዲያገኘው የምመኘው በዕድራችን ውስጥ የሠራችውን ነው።

ዕድር ምን እንደሆነ ለናንተ አላስረዳም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉም አለን፣ ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚያደርግ ሕፃን ልጅ እንኳን ያውቃል። ሲስተር በወር ስብሰባችን ላይ መጣችና አንድ ነገር ጠየቀች፦ «ሰው ሳይሞት፣ ራሱን ስቶ ሲወድቅስ ማን ነው የሚደርሰው? በምን ተሸክማችሁ ነው አስፋልት የምታደርሱት?» ዳኛውም ጸሐፊውም መልስ አልነበራቸውም። ሰፈራችንን ያየ ያውቀዋል፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቀጭን መንገድ ነው የሚቀጥለው፣ አምቡላንስ ቢመጣም የሚቆመው ታች ነው።

ከዚያ በኋላ ዕድሩ ከካዝናው ቃሬዛ ገዛ። ፋሻ፣ ጎዝ፣ ጓንትና መቀስ ያለበት ሳጥንም ተዘጋጀ። ጸሐፊያችን ደግሞ ሲስተር እየነገረችው አዲስ ደብተር ከፈተ፦ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች፣ አልጋ ላይ ያሉ ሰዎች፣ መውለጃቸው የደረሰ እናቶች፣ ማታ ስልክ የሚያነሳ ባለ መኪና። ደብተሩ ሰው እንዲያየው የሚዞር አይደለም፣ ጸሐፊው ጋ ነው የሚቀመጠው። ይሄንንም ያለችው እሷ ናት፣ የሰው ጤና የሰፈር ወሬ መሆን የለበትም ብላ።

ስልጠናው የተሰጠው ዕድሩ አዳራሽ ውስጥ ነው። የቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተቋቋመ አንጋፋ ማኅበር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ልጆቹን ግን ስታዩአቸው ገና ዩኒቨርሲቲ ያልጨረሱ ናቸው። ትዕግሥታቸው የሚገርም ነው። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ አሉን። የሚደማ ቁስል ላይ ቡና አትነስንሱ፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ጫን ብላችሁ ያዙ፣ ቆመ አልቆመ እያላችሁ እየገለጣችሁ አትዩ አሉን። ክረምት ላይ ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ስንቱን እንደጨረሰ እናውቃለን፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ስለጠፋ ብቻ አደጋው አልፏል ማለት እንዳልሆነ፣ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም እንደሌለው፣ መጀመሪያ በሩን ከፍቶ ሰውየውን ወደ ውጪ ማውጣት እንደሆነ፣ ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ እንደማይሰጥ ደጋግመው አስረዱን።

የሚጥል በሽታ ላይ ሲደርሱ አንዲት እናት ተነሱ። «ልጄ፣ እኛ እኮ ክብሪት ጭረን አፍንጫው ስር ስናደርግለት ነው የሚነቃው» አሉ። ሲስተር አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። «እማማ፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ይቆማል። ክብሪቱ የሚጫረው ሊቆም ሲል ስለሆነ እሱ ያዳነው ይመስለናል፣ ሰውየው ግን ይቃጠላል» አለቻቸው። ከዚያ አንዱን ልጅ መሬት ላይ አስተኝታ ከጭንቅላቱ ስር ጋቢ አጥፋ አደረገች፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳይከተት፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ እንዲተኛ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ እንዲጠራ አሳየች። እኚያው እናት ኋላ ላይ ለሌላው ሰው ሲያስረዱ ሰምቻለሁ።

ጥቅሙን በዓይኔ ያየሁት ጎረቤት ቤት ነው። ጀበና ተገልብጦ የትንሿ ልጅ ክንድ ላይ ፈሰሰ። በጩኸቱ ሁሉም ሮጦ መጣ፣ አንዷ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላዋ እንቁላል ይዛ። ስልጠናውን የወሰደ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለ፣ መሀል ገብቶ «ምንም አትቀቡ!» አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ቧንቧው ደረቅ ነበር። ጄሪካን አስመጣ፣ ክንዷን ሳፋ ላይ አድርጎ በጆግ እየቀዳ በቀስታ ማፍሰስ ጀመረ። እጇ ሳያብጥ አምባሯን አወለቀላት። ጄሪካኑ እያለቀ ሲሄድ ሳፋው ውስጥ የተጠራቀመውን እየመለሰ ቀዳ። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እናትየው «በቃ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» ትላለች፣ እሱ ስልኩን እያየ 20 ደቂቃ እስኪሞላ አልለቀቀም። ከዚያ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ ሸፈነና ቃጠሎ ወደሚታከምበት የካቲት 12 ሆስፒታል ወሰዷት። ዛሬ ደህና ናት፣ በዚያው ክንዷ ገመድ ትዘላለች። ሲስተርም ፋሻው እስኪፈታ ድረስ ቤቷ እየሄደች ትጠይቃት ነበር።

እንግዲህ በየሰፈሩ ያላችሁ የዕድር ዳኞችና ወጣቶች፣ ይሄን ነገር ጠይቁ። የምር፣ ጠይቁ። ወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለሰፈራችሁ የተመደበችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አግኙ። በጠዋት ሂዱ፣ አርፍዳችሁ ከሄዳችሁ ቤት ለቤት ወጥታለች። የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ስልጠና ደግሞ ቅርባችሁ ያለውን የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ጠይቁ፣ ጊዜ ያላችሁ ወጣቶች እዚያው በበጎ ፈቃደኝነት ተመዝገቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939፣ ወረርሽኝ የሚመስል ነገር ስታዩ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ መስመር 8335 ነው፣ በር ላይ ለጥፉት። አምቡላንስ ስትጠሩ የሰፈሩን ስም ብቻ ተናግራችሁ ስልኩን አትዝጉ፤ በቅርብ የሚታወቅ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ንገሩ፣ አንድ ሰው ወደ አስፋልት ላኩ፣ ማታ ከሆነ ባትሪ ይያዝ።

ሲስተር፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ። የቀይ መስቀል ልጆችም ተባረኩ። የሚቀጥለው ዙር ስልጠና ላይ የላይኛው ሰፈር ዕድርም መግባት ይፈልጋል፣ ቃሬዛውን እኛ እናውሳቸዋለን።