ከጠርዙ የተገኘችው እጅ

ቤታችን ግድግዳ ላይ የእማዬ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ጎን እያየች ፈገግ ብላለች። ማንን እንደምታይ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። አባዬ ካረፈ በኋላ የድሮ ኔጌቲቮቹን፣ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር ሆኖ የሚታይባቸውን የፎቶ ፊልሞች፣ አገኘሁና ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 የሚባለውን ስካነር ገዛሁ። አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወድጄዋለሁ።

የፊልም ማስገቢያው በአንዴ 12 ምስል ይይዛል። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በ2400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 2400 ነጥብ) ሳነበው ግን ወደ 7.7 ሚሊዮን ፒክስል ይወጣዋል። ለእኔ ይበቃኛል። እስከ 6400 ይሄዳል ተብሏል፤ እኔ ግን ፋይሉ ከማበጡ በቀር ለውጥ አላየሁበትም። ፊልማችሁ ከተጠቀለለ ቀድማችሁ ከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ፕሮግራሙ ምስሎቹን በራሱ እየለየ እንዲያወጣ አትተዉት፤ ጠርዙን ይበላዋል። ‹ተምኔይል› የሚለውን አጥፉና በእጃችሁ ምረጡ።

የእማዬ ፎቶ የታተመው 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ነው። በዚህ መጠን ሲታተም ከ36ቱ ሚሊ ሜትር 6ቱ ተቆርጦ ይቀራል። ኔጌቲቩ ላይ፣ እማዬ በምታይበት በኩል፣ ጠርዙ ጋ አንዲት ትንሽ እጅ ወደ እሷ ተዘርግታለች።

ዲጂታል አይስ የሚሉት አቧራ ማጥፊያ የሚሠራው በኢንፍራሬድ፣ ለዓይን በማይታይ ብርሃን ነው። ለከለር ፊልም ግሩም ነው። የድሮው ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን አይሆንም፤ ምስሉን የሠራው ብር ራሱ ኢንፍራሬዱን ስለሚጋርደው ቆሻሻ ይመስለዋል። ስለዚህ እያንዳንዷን ነጥብ በእጄ ነው ያጸዳሁት፤ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። የትንሿ እጅ አውራ ጣት ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ኔጌቲቭ ላይ ያረፈ አቧራ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ላጠፋው ስል አጎላሁት። ፋሻ ነው። ቋጠሮው ሳይቀር ይታያል።

እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። ዝም ብላ ብዙ አየችው።

«ታላቅሽ ናት እኮ» አለች። «ጣቷን በር ቆንጥጧት ስታለቅስ፣ አባትሽ ለፎቶው ብሎ ከጎኔ አስነሳት። እሷን እያባበልኩ ነው ፎቶውን የተነሳሁት።»

ፎቶውን 20 በ30 አድርጌ እንደገና አሳተምኩት። በዚህ መጠን ምንም አይቆረጥም።