የእናቴን ቤት ጭስ ማውጫ ላደሱልን ግንበኛ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሚገኘውን የእናቴን አሮጌ ቤት ጭስ ማውጫ አፍርሰው እንደገና የሠሩልንን ግንበኛ በአደባባይ ለማመስገንና፣ እንደ እኛ ያለ ቤት ያላቸው የከተማችን ነዋሪዎች እኚህን ባለሙያ እንዲያውቋቸው ለማድረግ ነው። ስማቸውን ግን አልጠቅስም፤ ፈቃዳቸውን ስጠይቃቸው «ሥራውን ንገሪያቸው፣ ስሜን ተይው» ስላሉኝ ቃላቸውን አከብራለሁ።

ቤቱ ጣሊያን ጎንደርን ይዞ በቆየባቸው ዓመታት፣ ማለትም ከ1928 ዓ.ም. እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከተሠሩት የድንጋይ ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1961 ዓ.ም. የገዙት ነው። በሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ የእሳት ማንደጃ ተሠርቶለታል፤ የጭሱም መንገድ ከዚያ ተነሥቶ ፎቅ ላይ ባለው መኝታ ክፍል ግድግዳ ውስጥ አልፎ በጣሪያው ላይ ይወጣል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት፣ በክረምትም ዝናቡ የማያባራባቸው ቀናት ጭምር፣ ለአረጋዊ ሰው ይከብዳሉ። ሰማንያ ዓመት ላለፋት፣ ጉልበቷንም ብርድ ለሚያማት እናቴ ያ እሳት ጌጥ ሳይሆን መድኃኒቷ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ጭሱ ወደ ሳሎን መመለስ ጀመረ፤ በተለይ ነፋስ በሚነሣበት ምሽት ዓይን የሚያስገልጥ አልነበረም። በፎቁ መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ቡናማ እድፍ ወጣ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥርም ክፍሉ ቅጥራን ቅጥራን ይሸት ነበር። እዚያ የምትተኛው የእህቴ ልጅ ጠዋት ጠዋት ራሷን እንደሚያማት ትናገር ነበር፤ እኛ ግን ከትምህርት ድካም ነው ብለን አለፍነው፤ ይህን ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል። በዚያን ጊዜ የጠራነው አንድ ሠራተኛ ከመሬት ቆሞ ወደ ላይ ተመለከተና ችግሩ በውጭ በኩል ያለው ስንጥቅ ነው ብሎ፣ ከጣሪያ በላይ ያለውን ክፍል በሲሚንቶ ለስኖ ሄደ። በቀጣዩ ክረምት እድፉ በእጥፍ ሰፋ። እናቴም ተስፋ ቆርጣ እሳቱን ትታ፣ ማታ ማታ የከሰል ፈርኔሎ ይዛ ወደ መኝታ ቤቷ መግባት ጀመረች።

ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ይህ ነው። ከሰልም ሆነ እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚይዘው፣ ሰው ሳያውቀው በእንቅልፉ ይወስደዋል። ጭሱን በዓይናችን የምናየው የእሳት ማንደጃ ቢያንስ ያስጠነቅቀናል፤ በተዘጋ ክፍል የተቀመጠ የፋመ ከሰል ግን ምንም አይናገርም። ስለዚህ ጭስ ማውጫውን ማስጠገን የቤት እድሳት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ግንበኛውን ያገኘናቸው በደብረ ብርሃን ሥላሴ በኩል በምትኖር ዘመዳችን ጥቆማ ነው፤ የእንጀራ መጋገሪያ ቤቷን ጭስ ማውጫ ሠርተውላት ነበር። በመጡበት ቀን ስለ ዋጋ አንድም ቃል አልተናገሩም። መጀመሪያ ፎቅ ላይ ያሉትን መስኮቶች በሙሉ አዘግተው፣ ማንደጃው ውስጥ እርጥብ ሣርና ገለባ ለኮሱ፤ ከዚያም አንደኛውን ረዳታቸውን ጣሪያ ላይ አውጥተው የጭስ ማውጫውን አፍ በእርጥብ ጆንያ አስደፈኑት። እኛን ደግሞ በየክፍሉ አቁመው «ጭስ ያየ ይጥራኝ» አሉን። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ የእህቴ ልጅ ከምትተኛበት አልጋ ራስጌ፣ ቀለም የተቀባና ለዓይን ጤነኛ ከሚመስለው ግድግዳ፣ ጭሱ እንደ ክር እየቀጠነ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ ነካችውና ዝም አለች። ግንበኛውም ወዲያውኑ ጆንያውን አስነሥተው መስኮቶቹን ካስከፈቱ በኋላ፣ «እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷ እዚህ አትተኛም፤ እሳትም አይነድም፤ ፈርኔሎውም ከመኝታ ቤት ይውጣ» አሏት፤ እናቴም «እሺ ልጄ» ብላ በዚያው ምሽት ፈጸመችው። እኔ ዓመት ሙሉ ለምኜ ያላገኘሁትን ነገር ነው።

ቀጥለው የእጅ ስልካቸውን መብራቱን አብርተው በገመድ አስረው ወደ ውስጥ አወረዱትና የቀረጸውን ቪዲዮ አሳዩን። የጭሱ መንገድ ከተሠራ ጀምሮ ውስጣዊ ሽፋን ኖሮት አያውቅም፤ ጭሱ በባዶ ድንጋይና ጡብ መካከል ነበር የሚያልፈው። በድንጋዮቹ መካከል ያለው የኖራ ማያያዣ በሰማንያ ዓመት ሙቀትና አሲድ ተበልቶ አሸዋ ሆኗል፤ ጥቀርሻውም በአንዳንድ ቦታ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ጠንካራ ቅጥራን ሆኖ ተለጥፏል። ይህ ቅጥራን የሚፈጠረው በደንብ ካልደረቀ እንጨት፣ በእኛ አገር በአብዛኛው ከእርጥብ ባሕር ዛፍ፣ የሚወጣው ጭስ በመንገዱ ላይ ሲቀዘቅዝ ነው፤ አንድ ቀን ራሱ እሳት ከያዘ ደግሞ ጭስ ማውጫው ከላይ እስከ ታች ይነድዳል።

ስለ ሲሚንቶው ልስን የነገሩን ነገር ለብዙ ቤቶች የሚጠቅም ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ኖራ ውሃ ቢያስገባም መልሶ ያስተነፍሰዋል፤ ግንቡ በሙቀትና በብርድ ትንሽ ሲንቀሳቀስም አብሮት ይለጠጣል። ሲሚንቶ ግን ከኖራ ይልቅ ደረቅና ግትር በመሆኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥፍር የሚያስገባ ያህል ስንጥቅ ያወጣል፤ በዚያ ስንጥቅ የገባው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ደግሞ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ፣ ወደ መኝታ ክፍላችን ግድግዳ ወረደ። ይህን ትምህርት ያገኙት በወጣትነታቸው በፋሲል ግቢ የጥገና ሥራ ላይ በቀን ሠራተኛነት በቆዩባቸው ወራት መሆኑን ነግረውኛል። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚያ ግቢም በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ የተደረገው ጥገና ለሕንፃዎቹ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ፣ በኋላ ወደ ጥንቱ የኖራ ሥራ መመለስ አስፈልጓል። ሚኒሶታ የሚኖረው ወንድሜ በስልክ እንደነገረኝ፣ በዚያ አገር የድሮ ጭስ ማውጫን የሚሰብረው በጡቡ ውስጥ የገባው ውሃ በረዶ ሆኖ ወደ 9 በመቶ ያህል ሲያብጥ ነው፤ የእኛ ግንብ ግን በረዶ ሳይነካው ሲሚንቶ ብቻውን ያንኑ አድርጎበታል።

ሥራው የተጀመረው ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ከጣሪያ በላይ ያለውን ግንብ ድንጋይ በድንጋይ እያወረዱ፣ እያንዳንዱን በኖራ ቁጥር እየጻፉ ግቢ ውስጥ ደረደሩት። ከጣሪያው በታች ሲደርሱ አንዱ የጣሪያ ወራጅ ግንቡን ተደግፎ ተገኘ፤ ጫፉ አንድ ጋት ያህል ከሰል ሆኖ ነበር። ከሳሎኑ ጣሪያ በላይ፣ ማንም በማያየው ጨለማ ውስጥ፣ እሳት ለስንት ጊዜ ሊነሣ ሲሞክር እንደኖረ አምላክ ብቻ ነው የሚያውቀው። ወራጁን አሳጥረው በሌላ እንጨት አስደገፉትና፣ በእንጨቱና በግንቡ መካከል ከ5 ሴንቲሜትር ያላነሰ ባዶ ቦታ ተዉ።

ውስጡን ለመሸፈን የማይዝግ ብረት ቧንቧ መረጡ። በገበያ በርካሽ የሚገኘው ዚንክ የተቀባ ላሜራ ይበቃል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን የጭስ አሲድ በጥቂት ዓመታት እንደሚበላው፣ በኃይል ሲግልም የዚንኩ ጭስ መርዝ እንደሆነ አስረድተው በፍጹም እንቢ አሉኝ። ቧንቧው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አሥራ ሁለት ቀን ጠበቅን። ስፋቱን የለኩት ከማንደጃው አፍ ተነሥተው ነው፦ የማንደጃው አፍ 70 በ60 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ የጭሱ መንገድ ከዚያ ስፋት አንድ አሥረኛ ያህል ሊኖረው ይገባል፤ አየሩ በሳሳበት እንደ ጎንደር ባለ ከፍታ ጭስ የሚስበው ኃይል ስለሚቀንስም ትንሽ ጨምረው የ25 ሴንቲሜትር ቧንቧ አደረጉት። የድሮው መንገድ 40 በ40 ነበር፤ እኔ ሰፊ መሆኑ የሚጠቅም ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጭሱ በሰፊው መንገድ ሲዘገይ ቀዝቅዞ ቅጥራኑን ግድግዳው ላይ ያራግፍ ኖሯል። በቧንቧውና በግንቡ መካከል የቀረውን ክፍተት ቀዳዳማ ቀላል ድንጋይ ደቁሰው ከኖራ ጋር በለወሱት ሞሉት፤ ይህም ጭሱ ሙቀቱን ሳያጣ እስከ ጫፍ እንዲወጣ ያደርገዋል።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች የሥራቸውን ጥንቃቄ ያሳያሉ ብዬ አምናለሁ። የቧንቧዎቹን መጋጠሚያ ሁልጊዜ የላይኛው ጫፍ በታችኛው ውስጥ እንዲገባ አድርገው ነው የገጠሙት፤ ምክንያቱም ወደ ታች የሚንጠባጠበው ቅጥራን ከቧንቧው ውጭ ሳይፈስ በውስጡ እንዲወርድ ነው። ከጫፉ ላይም ቧንቧውን ከግንቡ ጋር አጥብቀው አልደፈኑትም። 6 ሜትር የሚሆን የብረት ቧንቧ በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ወደ 3 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ መላወሻ ካልተተወለት ራሱ ግንቡን ይሰነጥቀዋል። ከዚያም የጭስ ማውጫውን ቁመት ጨመሩ፤ የድሮው ጫፍ ከጣሪያው ጉልላት ዝቅ ይል ስለነበር ነው ነፋሱ ጭሱን ወደ ታች የሚመልሰው። አሁን ከጣሪያው ከሚወጣበት ቦታ ከ90 ሴንቲሜትር በላይ፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማንኛውም ነገር ደግሞ 60 ሴንቲሜትር ከፍ ብሏል፤ ግንቡም በቱንቢ ተለክቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ትዕግሥት ያጣሁት እኔ ነበርኩ። ኖራ እንደ ሲሚንቶ በአንድ ቀን አይጠነክርም፤ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ነው ወደ ድንጋይነት የሚመለሰው፤ ስለዚህ ረዳቶቻቸው ግንቡን በእርጥብ ጆንያ እየሸፈኑ ለሳምንታት ተንከባክበውታል። ኅዳር ገብቶ ብርዱ ሲጠነክር «ትንሽ እሳት ብናነድስ» ብዬ ሁለት ጊዜ ደወልኩላቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳይቆጡ፣ ግን ሳያወላውሉ ከለከሉኝ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ራሳቸው መጥተው የመጀመሪያውን እሳት በአንድ እፍኝ ጭራሮ ለኮሱ፤ በማግስቱ ጥቂት ጨመሩ፤ ሙሉ እሳት የነደደው ከሳምንት በኋላ ነው። ያን የእርጥብ ሣር ሙከራ ደግመው አደረጉት፤ የፎቁን ክፍል እኔ ነበርኩ የምጠብቀው፤ ከግድግዳው ምንም አልወጣም።

ስለ ክፍያው የምለው አጭር ነው። እያንዳንዱን ዕቃ በወረቀት ጽፈው ሰጥተውኛል፤ የተረፈውን የኖራ ገንዘብ ሳልጠይቃቸው መልሰዋል። ሥራው ርካሽ አይደለም፤ ከአንዱ ልስን ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ ነው፤ እኔ ግን ከከፈልኩት ብር አንዲቱንም አልቆጭባትም። ለሁለቱ ወጣት ረዳቶቻቸውም የተለየ ምስጋና አለኝ፤ ማታ ማታ የእናቴን ግቢ ጠርገው ነው የሚሄዱት።

የእህቴ ልጅ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች፤ የራስ ምታቱንም ካነሣችው ወራት አልፈዋል። እናቴ ማታ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ጸሎቷን ታደርሳለች፤ ፈርኔሎው ለቡና ብቻ በረንዳ ላይ ይወጣል።

ጣሊያን የሠራው ወይም ሌላ አሮጌ የድንጋይ ቤት ያላችሁ፣ ማንደጃችሁ ጭስ የሚመልስ ወይም በግድግዳችሁ ላይ ቡናማ እድፍ ያያችሁ ሁሉ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። በክረምት የኖራ ሥራ ስለማይጀምሩ፣ ለጥቅምት እንዲደርሱላችሁ ከፈለጋችሁ ከወዲሁ ማነጋገር ያስፈልጋል። የእኛን በየዓመቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ሊጠርጉና ሊመረምሩ ቃል ስለገቡ፣ በግንቦት ይመጣሉ፤ የፎቁን ግድግዳ እድፍም ውስጡ ጨርሶ እስኪደርቅ ቀለም እንዳንቀባው ስላዘዙን፣ እስከዚያ ድረስ እንዳለ ትተነዋል።