14 ወር ከአሮጊቷ ፎርዊል ጋር፦ እየሰመጠ ያስቸገረኝ ፍሬን

መኪናዬ የምን ሥሪት እንደሆነች አልናገርም። ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለማ። ጥፋቱ ከ30 ዓመት በላይ የነዷት ሰዎች፣ የደላላውና የኔ ነው። ናፍጣ ናት፣ ማንዋል፣ ባለ ባሌስትራ። ጎንደር ውስጥ በየጋራዡ በር ላይ አንድ እህቷ ከማትጠፋው ዓይነት። ሞተሯ ሸጋ ነው፣ ጭቃ አትፈራም፣ ናፍጣ ግን ትጠጣለች። ስለሌላው ይሄ ይበቃል። እኔ የምጽፈው አምስት ወር እንቅልፍ ስለነሳኝ ፍሬኗ ነው።

ደላላው "ፍሬኗ ቢላ ነው" ብሎኝ ነበር። የወንበሯን ልብስና ቴፑን ካወደሰ በኋላ ማለት ነው። አዘዞ ድረስ ወስጄ ሞከርኳት፣ ረገጥኩ፣ ቀጥ አለች። አሁን ሳስበው ያኔ ፔዳሉን የረገጥኩት ባለኝ ኃይል ሁሉ ነው። የተበላሁት እዚህ ጋ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

በአራተኛው ወር ገደማ ፒያሳ ቁልቁለቱ ላይ ቆሜያለሁ። ፊት ለፊቴ ባጃጅ ሰው ያወርዳል። ፔዳሉን ለስለስ አድርጌ ይዣለሁ። እግሬ ዝም ብሎ ወደ ታች መሄድ ጀመረ። በክረምት የታረሰ ማሳ ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ። መኪናዋ ሳብ አለች፣ ባጃጁን ልትነካው ክንድ ሲቀራት ደግሜ ረገጥኩ፣ ያዘች። ልጁ ዞሮ "አንቺ፣ ምን ነካሽ!" አለኝ። (እዚህ አገር ወንድን አንቺ ማለት ፍቅር ነው፤ ያን ሰዓት ግን ፍቅር አልመሰለኝም።)

የመጀመሪያው መካኒክ "አየር ነው" አለ። ረዳቱን ፔዳሉ ላይ አስቀምጦ እስከ ወለሉ እያስረገጠ አየር አስወጣ። ሁለት ቀን ጥሩ ሆነች፣ ከዚያ ባሰባት። ሁለተኛው የኋላውን የፍሬን ሸራ ቀየረና ወደ ታምቡሩ አስጠጋው። ፔዳሉ ከፍ አለ፣ መስመጡን ግን አልተወም። ሦስተኛው ገብቶ ደጋግሞ በኃይል ረገጠና "ወንድሜ፣ ምንም የለባትም፣ ከፈለግህ ሰርቮውን እንቀይረው" አለኝ። ምንም ከሌለባት ሰርቮው (ፔዳሉ ሲረገጥ እግርን የሚያግዘው ዕቃ) ለምን ይቀየራል? አልጠየቅኩትም፤ እንዲያውም ልከፍለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ አዘዞ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰደኝ። ቁልፍ እንኳ አላነሱም።

"የፍሬን ዘይቱ ይጎድላል?"

"አይጎድልም ጋሼ።"

"ጎማ ላይ፣ መሬት ላይ፣ እግርህ ሥር እርጥበት አይተሃል?"

"ምንም።"

"እንግዲህ ወዴት ይሄዳል? እዚያው ውስጥ ነው የሚዞር። ግባና አስነሳት። እንቁላል እንደ ያዝክ አድርገህ ርገጥ፣ አትልቀቅ።"

አስነስቼ ያዝኩ። እሳቸው ሰዓታቸውን ያያሉ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ፔዳሉ ወለሉ ላይ አረፈ። "አሁን በኃይል" አሉኝ። በኃይል ስረግጥ ቀጥ ብሎ ቆመ! ለካ ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ሲሊንደር) ውስጥ ያለው ጎሚኒ ሲያልቅ ጠበቅ አርገህ ስትረግጥ ግፊቱ ራሱ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል፣ ቀስ ስትል ግን ዘይቱ በጎኑ ሾልኮ ወደኋላ ይመለሳል። ስገዛት እኔ በኃይል ረገጥኩ። ሦስተኛውም መካኒክ በኃይል ረገጠ። ደላላው ይህን ያውቅ እንደነበር እስከ ዛሬ ማወቅ እፈልጋለሁ። ወይኔ ሰውዬ፣ ያን ቀን "ቀስ ብለህ ሞክራት" ብትለኝ ምን ነበረበት?

ፔዳል ካወቁበት ይናገራል። ስፖንጅ ከመሰለ አየር አለ። ሁለት ሦስቴ ሲረገጥ ከፍ ካለ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል። እንደ ድንጋይ ከደረቀ ሰርቮው ወይም ቫኪዩሙ (ሰርቮውን የሚያሠራው የአየር መሳብ ኃይል) ነው። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ራሱ ቫኪዩም ስለማይሰጥ የራሱ ፓምፕ አለው፣ ብዙ አሮጌዎች ላይ ዲናሞው ጀርባ ታገኙታላችሁ። ሰርቮውን መሞከር ደግሞ ነጻ ነው፤ ሞተር አጥፍታችሁ ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ይዛችሁ አስነሱ፣ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ጤነኛ ነው። የኔዋ ዝቅ አለች። ያ ሰውዬ ጤነኛ ሰርቮ ሊነቅል ነበር!

ማስተሩ ሲፈታ የወጣው ዘይት አቦል ቡና ነው የሚመስለው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። አዲስ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፣ ውኃ ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። እኔ በዚህ ዘይት ሊማሊሞን ልወርድ ዕቅድ ነበረኝ! ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠው መንገድ፣ ከደባርቅ በታች ቅልብስብስ የሚለው፣ ሰው በዝቅተኛ ማርሽ ጸሎት እያደረገ የሚወርደው።

ያው ውኃ የማስተሩን ውስጥ አዝጎታል። ሽማግሌው ጣቴን አስገብተው አስዳሰሱኝ። ፔዳሉ በአዘቦት የሚመላለስበት ቦታ መስታወት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ሸካራ። ያ የመጀመሪያው መካኒክ እስከ ወለሉ ባስረገጠ ቁጥር ጎሚኒው በዚያ ሸካራ ላይ ሲፋቅ ነበር። አድናታለሁ ብሎ ጨረሳት። ሽማግሌው አሮጌ መኪና ላይ አየር ሲያስወጡ ፔዳሉ ሥር እንጨት ያስቀምጣሉ፣ እስከ ታች እንዳይወርድ።

ጎሚኒ ብቻ እንቀይር ብዬ ተከራከርኩ። "ወፍጮ ላይ ሐር ትዘረጋለህ?" አሉኝ። ሙሉ ማስተር ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። ስንት እንደከፈልኩ ባለቤቴ ስለማታውቅ እዚህም አልጽፈውም።

አዲሱን መኪናዋ ላይ ከመግጠማቸው በፊት ሞርሳ ላይ አሰሩት። ዘይት ሞሉት፣ ከሁለቱ መውጫዎች ሁለት አጫጭር ቱቦ ወደ ራሱ ጋን መለሱ፣ በካቻቪቴ እጀታ ቀስ እያሉ ገፉት። አረፋው ቡልቅ፣ ቡልቅ አለ። እየሳሳ ሄደ፣ ቆመ። ይሄ ከተዘለለ ውስጡ የቀረው አየር በኋላ ሰው ሲያሳብድ ይውላል አሉኝ። ከገጠሙት በኋላ ከሩቁ ጎማ ጀመሩ፣ ከቀኝ ኋላ። ልጃቸው ፔዳሉ ላይ፣ እሳቸው ሥር ተኝተው። "ርገጥ!" "ይዣለሁ!" "ልቀቅ!" "ለቀቅኩ!" ሲባባሉ ከሰዓቱ አለቀ።

በማግስቱ ጎሃ ሆቴል ያለበትን ተራራ ወጣሁና ወረድኩ። ታች ስደርስ ቁልቁለቱ ላይ አቆምኳትና ፔዳሉን እንቁላል እንደ ያዝኩ ያዝኩት። ቆመ። ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን አቀለጠው፣ አልሰማሁትም።

ተጸጽተሃል ወይ ለምትሉኝ፣ ፍሬኗ ሳይሠራ ብትጠይቁኝ በነጻ እሰጣችሁ ነበር። ዛሬ ግን አልሸጣትም። ዛሬ የትኛውም አዲስ መኪና ሻጭ መጥቶ ስለ ዳሳሽና ስለ ስክሪን ቢያወራኝ፣ ከጎንደር ወጥቼ ኮሶዬ ላይ ሲበላሽብኝ ማን ይፈታዋል ብዬ ነው የምጠይቀው። የኔዋን አንድ ሽማግሌ በጆሮና በሰዓት አወቋት።

የእጅ ፍሬኗ? እሱ አሁንም ድንጋይ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር አለ፣ ጥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ።