ዜኖዶ ለፊዚክስ ዳታ፦ ማከማቻነቱ ጥሩ፣ ቆጣሪነቱ ጥንቃቄ የሚሻ

የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት የሆነው ሰርን፣ ለክፍት ምርምር ከሚሠራው ከአውሮፓው ኦፕንኤር ጋር በ2013 እ.ኤ.አ. የከፈተው ዜኖዶ የምርምር ዳታ በነጻ የሚቀመጥበት ነው። በመደበኛው ለአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት ይፈቅዳል፤ ዲኦአይም (ለመዝገቡ የሚሆን ቋሚ መለያ) ይሰጣል። በማከማቻነቱ ብዙ የሚወቀስበት የለም። እዚህ የምንመዝነው ገጹ ላይ የሚታዩት የእይታና የማውረድ ቁጥሮች ዳታው ለሌሎች ፊዚሲስቶች መጥቀሙን ያሳዩ እንደሆነ ነው። በእኛ ሚዛን የሚያሳዩት በከፊል ብቻ ነው። ቁጥሮቹ በሐቀኝነት ተቆጥረዋል፤ ብዙ ሰው ግን ያልሆኑትን ያነብባቸዋል።

የፍለጋ ሮቦቶች ተጣርተው ይወጣሉ፤ በስክሪፕት የሚያወርድ ተመራማሪ ግን ይቆጠራል። አንድ ተጠቃሚ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ መዝገብ የቱንም ያህል ፋይል ቢወስድ አንድ ልዩ ማውረድ ይያዝለታል፤ ጠቅላላው ግን ፋይል በፋይል ይቆጥራል። 100 ፋይል ያለውን መዝገብ አንድ ሰው ሲያወርድ ጠቅላላው በ100፣ ልዩው በ1 ይጨምራል። ማውረዱ አምስት ሰዓት ከፈጀ ልዩው ራሱ ወደ አምስት ሊጠጋ ይችላል፤ የፊዚክስ ዳታ ከባድ ስለሆነ ይህ ብርቅ አይደለም። ከሁሉ የሚያሳስተው ክላስተር ነው። ሥራው ለብዙ ኮምፒውተሮች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ በየራሱ አድራሻ ዳታውን ከሳበ፣ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ሠራዊት ይመስላል። በአንጻሩ አንድ ቡድን አንዴ አውርዶ በተቋሙ ሰርቨር ላይ ካስቀመጠው፣ ሃምሳ ሰው ቢጠቀምበትም ዜኖዶ አያየውም።

ከሚቀርቡት ቁጥሮች የሚሻለው የወረደው ዳታ መጠን ነው። ለመዝገቡ መጠን ሲካፈል ስንት ሙሉ ቅጂ እንደወጣ ያስገምታል። 20 ጊጋባይት ያለው መዝገብ 300 ማውረድ አሳይቶ የወረደው 40 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ፣ አብዛኛው ሰው የወሰደው ማብራሪያ ፋይሉን ነው፤ የቅንጣት ግጭት ዳታውን አይደለም። ሁሉንም በአንድ ዚፕ ማሸግ ይህን ፍንጭ ያጠፋዋል።

ጥቅስ ላይ ድክመቱ ይብሳል፤ ጥፋቱ ግን ከዜኖዶ ይልቅ የሙያው ልማድ ነው። ዲኦአዩ በማጣቀሻ ዝርዝር ፋንታ በምስጋናው ወይም ዳታው የት እንደሚገኝ በሚገልጸው አንቀጽ ውስጥ ይቀራል፤ አለዚያም ዳታው ተትቶ ስለ ዳታው የተጻፈው ጽሑፍ ብቻ ይጠቀሳል። እንዲህ ያለው ጥቅስ ከማሽን ቆጠራ ያመልጣል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሥሪት የራሱ ዲኦአይ አለው፤ ሁሉንም የሚወክል ሌላም አለ። ካሊብሬሽን (የመሣሪያው ልኬት ማስተካከያ) ሲቀየር ውጤቱም ስለሚቀየር መጠቀስ ያለበት የሥሪቱ ነው፤ ሲቆጠር ግን ሁሉም ይደመራሉ።

እናም መዝገቡን ከማተማችሁ በፊት ዲኦአዩን አስቀድማችሁ ያዙ፤ ቅጹ ይፈቅዳል። ሙሉውን የጥቅስ መስመር በማብራሪያ ፋይሉ አናት ላይ አስፍሩ። ተያያዥ ሥራዎች በሚለው ቦታ ዳታው የየትኛው ጽሑፍ ማሟያ እንደሆነ ከነዲኦአዩ ወይም የቅድመ ኅትመት ጽሑፎች ማከማቻ ከሆነው ከአርካይቭ ቁጥሩ ጋር አስገቡ። መግለጫ ለማረም አዲስ ሥሪት አታውጡ፤ ያለ አዲስ ዲኦአይ ይታረማል። ገጹ የሚያሳየው የተጠራቀመውን ድምር ስለሆነ ደግሞ በየወሩ በኤፒአይ (ፕሮግራም ከድረ ገጹ መረጃ በሚወስድበት መንገድ) እየሳባችሁ መዝግቡ።

ዳታችሁ የልኬት ውጤት ሠንጠረዥ ከሆነ የቅንጣት ፊዚክስ ውጤቶች ማከማቻ የሆነው ሄፕዳታ ይበልጣል፦ ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ዲኦአይ ይሰጣል፣ የዘርፉ የጽሑፍ መፈለጊያ ከሆነው ከኢንስፓየርም ጋር የተያያዘ ነው።

ማውረድ ስለ ጥቅም ምን ያህል ትንሽ እንደሚናገር በሰርን ካሉት የቅንጣት ግጭት ሙከራዎች አንዱ የሆነው የሲኤምኤስ ዳታ ያሳያል። የ2010 ግጭቶች በ2014 በሰርን ኦፕን ዳታ ድረ ገጽ ይፋ ሆኑ፤ በ2017 የኤምአይቲው ጄሲ ታለርና ባልደረቦቹ በዚያው ዳታ ስለ ጄቶች (ከግጭት በአንድ አቅጣጫ ተቧድነው የሚወጡ ቅንጣቶች) ውስጣዊ መዋቅር የራሳቸውን ትንተና አሳተሙ። ያንን ዳታ ሳያወርዱ በኔትወርክ ማንበብም ስለሚቻል፣ የማውረድ ቆጣሪ እንዲህ ያለውን ሥራ ላያይ ይችላል። የሚያገኘው ሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ነው፦ የየሥሪቱን ዲኦአይና የዳታውን ስም በናሳው የጽሑፍ መፈለጊያ በኤዲኤስና በጉግል ስኮላር ፈልጉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ጽሑፍ ከፍታችሁ ዳታውን ስሙን ብቻ ያነሳ፣ ለማነጻጸር የተጠቀመና አዲስ ውጤት ያወጣበት ብላችሁ ለዩ። ለአንድ መዝገብ ከግማሽ ቀን የማይበልጥ ሥራ ነው፤ ዜኖዶ ግን አይሠራላችሁም።