ለተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ እድፍ፦ በረኪና ወይስ የሚፍለቀለቅ ክኒን?

የከረመ የቡናና የሻይ እድፍ በማስለቀቅ በረኪና ይበልጣል። ቀለሙን ራሱን ይሰብራል፣ እድፉ የተጣበቀበትን ስስ ሽፋንም ያሟሟል። 5 በመቶ የሆነውን፣ ሽቶ የሌለውን፣ 1 እጁን በ9 እጅ ውሃ አቅጥኖ ጥርሱን ቢበዛ ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ ነው። ሌሊቱን ካደረበት የሰው ሠራሽ ጥርሱ ሮዝ ድድ ይገረጣል። ብረት ላለው ጥርስ ግን ጨርሶ አይሆንም፤ ብረቱን ይበላዋል።

የሚፍለቀለቀው የሰው ሠራሽ ጥርስ ማጽጃ ክኒን ለዘብ ይላል። ለብ ባለ ውሃ ሲሟሟ የሚወጣው ኦክስጅን አዲሱን እድፍ ያነሳል፤ የቆየው ላይ ግን ደካማ ነው። የፈላ ውሃ አክሪሊኩን (ጥርሱ የተሠራበትን ፕላስቲክ) ያጣምመዋል። ለዕለት ተዕለት ጽዳት ክኒኑን እንመርጣለን።

በየትኛውም ቢሆን መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና መፈተግ የግድ ነው። የጥርስ ሳሙና ይጭረዋል፤ ቡናው ደግሞ ጭረቱ ውስጥ ይገባል።

እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ቅርፊት ሁለቱም አያነሱትም። ኮምጣጤ ያላላዋል፤ ከበረኪና ጋር ከተቀላቀለ ግን መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ካልለቀቀ በቢላ ከመፋቅ ወደ ጥርስ ሐኪም መውሰድ ይሻላል።