የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፦ በ«ስታርቭ» ሲፈተን

በኢንተርኔት በነጻ የሚገኘው ይህ መዝገብ ከ1100 እስከ 1500 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ይሸፍናል። ግሦችን የሚያስቀምጠው በጥንቱ መድረሻ፣ በ«ኢ» እና «ኤን» ፊደላት ጨርሶ ስለሆነ፣ ዛሬ «በረሃብ መሞት፣ መራብ» ማለት የሆነውን «ስታርቭ»ን ስትፈልጉ «ስተርቨን» ብላችሁ ግቡ። ዋናው ፍቺ ያስደንቃል፦ መሞት። በረሃብ መሆን የለበትም፤ በሰይፍም በበሽታም ይሆናል። የጀርመንኛው ዘመዱ «ሽቴርበን» ዛሬም እንዲሁ ነው። «ዳይ» (ዛሬ «መሞት» የሚባልበት) ግሥ ሜዳውን ሲይዝበት ነው ይኼኛው እየጠበበ የሄደው። (እኛ «በረሃብ ሞተ» ለማለት አሁንም ሁለት ቃል እናወጣለን።)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መዝገቡ ለየፍቺው ማስረጃ በሚያቀርባቸው ጥቅሶች ዘመን ላይ ነው። ሁለት ዓመተ ምሕረት ከተሰጠ፣ ፊተኛው ብራናው የተጻፈበት፣ በቅንፍ ያለው ደግሞ ድርሰቱ የተደረሰበት ነው። ይህን ያምታታ አንባቢ የፍቺውን ለውጥ በብዙ ዓመት ሊያዘገየው ይችላል። ከዓመቱ በፊት የምትገባው «ኤ» «ከዚያ በፊት»፣ «ሲ» ደግሞ «ገደማ» ማለት ናት።

ጉድለቱ 1500 ላይ መቆሙ ነው። የረሃቡ ፍቺ የጸናው ከዚያ ወዲህ ስለሆነ፣ ቀሪውን በክፍያ ከሚከፈተው የኦክስፎርድ መዝገብ መከታተል ግድ ይላል። በሰሜን እንግሊዝ ግሡ በብርድ ለመሠቃየት መዋሉንም እዚያው ታገኙታላችሁ።