በእጅ የተሠራ የሳሎን ስፒከር ከ8 ወር በኋላ፦ ያቺ ቀዳዳ ባትቆፈር ኖሮ

ቤዝ እንድታጎላ ከጀርባው የተቆፈረችው 4 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ባትኖር ስለዚህ ስፒከር የሚጻፈው ሙገሳ ብቻ በሆነ ነበር። 8 ወር ሙሉ በየቀኑ ሠርቷል። የተቃጠለ ነገር የለም፣ የተላቀቀ መገጣጠሚያ የለም፣ የሰው ንግግር ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ስለ ደህናው ነገር ይህ ይበቃል። ቤዙ (ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ) ግን 5 ወር ያህል ጆሮ የሚያደክም ነበር። ጥፋቱ የእንጨቱም፣ የዉፈሩም፣ የአምፕሊፋየሩም አልነበረም። የዚያች ቀዳዳ ነበር።

ዕቃው ሁለት ሳጥን ነው፤ በእያንዳንዱ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያወጣ አንድ 13 ሴንቲ ሜትር ዉፈርና ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ አንድ 25 ሚሊ ሜትር የጨርቅ ዶም ትዊተር አለ። ሳጥኑ ከ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ጣውላ) ተሠርቶ በውጭ ሲለካ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 33፣ ጥልቀቱ 27 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአንድ ሳጥን የሚቆረጠው ለፊትና ለጀርባ 20 በ33፣ ለሁለቱ ጎኖች 33 በ23.4፣ ለላይና ለታች 16.4 በ23.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ውስጡ 11.3 ሊትር ይይዛል፤ ዉፈሩ፣ በቀዳዳዋ የገባው ቱቦ፣ ማጠናከሪያው እንጨትና ክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለዉፈርና ለትዊተር የሚያከፋፍለው ሰርኪት) የሚወስዱት ሲቀነስ 10 ሊትር ግድም ይተርፋል። ኤምዲኤፍ በጠርዙ በኩል ብሎን ሲገባበት ስለሚሰነጠቅ አስቀድሞ በቀጭኑ መብሳት ግድ ነው። መገጣጠሚያውን የሚይዘው ግን ብሎኑ ሳይሆን የእንጨት ኮላው ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳዋ። የዉፈሩ መግለጫ ጽሑፍ የሚሰጠው ቁጥር ይህ ነው፦ በራሱ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ 45 ሄርዝ (በሴኮንድ 45 ጊዜ)፣ መርገብገቡ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቆም የሚያሳየው ኪውቲኤስ 0.38፣ ልስላሴው በአየር መጠን ሲገለጽ ቪኤኤስ 14 ሊትር። እነዚህ ቁጥሮች መሐንዲሱ ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ጀምሮት ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፋው የስሌት ዘዴ መለኪያዎች ናቸው፤ ዛሬ የሳጥን ማስሊያ ፕሮግራሞች የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ቁጥሮቹ ሲገቡ ፕሮግራሙ ለ10 ሊትር ሳጥን 4 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ይሰጣል፤ ሳጥኑም 50 ሄርዝ ላይ ይቃኛል። ፕሮግራሙ የሚስለው የድምፅ ጉልበት መስመር እስከ 50 ሄርዝ ድረስ ቀጥ ብሎ ሲታይ ማንም ሰው ደስ ይለዋል፣ መጋዙንም ያነሳል። ግን ያ መስመር የተሳለው ግድግዳ ለሌለው ሜዳ ነው። ሳሎን ሜዳ አይደለም።

የሳሎኑ ርዝመት 4 ሜትር፣ ወርዱ 3.4 ሜትር፣ ከፍታው 2.7 ሜትር ነው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ይህን ቁጥር ለግድግዳዎቹ ርቀት እጥፍ ስናካፍለው ክፍሉ ራሱ የሚያዜምባቸው ዝቅተኛ ድምፆች ይወጣሉ፦ በርዝመቱ 43 ሄርዝ፣ በከፍታው 63.5 ሄርዝ፣ በወርዱ ደግሞ 50.4 ሄርዝ። ስፒከሮቹ የተቀመጡት በአንዱ ረጅም ግድግዳ በኩል ነው፣ ሶፋው ከፊት ለፊታቸው ባለው ግድግዳ ተጠግቷል፤ ስለዚህ ድምፁ የሚጓዘው በወርዱ አቅጣጫ ነው። ሳጥኑ የተቃኘው 50 ላይ፣ ክፍሉ የተቃኘው 50 ላይ። ሁለት ደወል አንድ ላይ ተመታ ማለት ነው።

በጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ ቤዝ ጊታር ያለበትን ማንኛውንም ሙዚቃ መክፈት ይበቃል። ቤዝ ጊታር በወፍራሙ ክሩ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ 49 ሄርዝ ይሰጣል። ያ ኖታ በመጣ ቁጥር ክፍሉ ይሞላል፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ኖታዎች ግን ተራ ሆነው ያልፋሉ። ተጫዋቹ በእኩል ጉልበት የመታቸው ክሮች እኩል አይሰሙም። ከበሮውም «ዱም» ብሎ ማቆም ሲገባው «ዱምምም» እያለ በሚቀጥለው ምት ላይ ይደረባል። ይህ ብዙ ቤዝ አይደለም፤ አንድ ኖታ ብቻ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከስልክ ላይ 50 ሄርዝ ንጹህ ድምፅ በስፒከሮቹ በመጠነኛ ጉልበት ማጫወትና ከስፒከሮቹ ወደ ሶፋው ቀስ ብሎ መሄድ። ከግድግዳው አጠገብ ደረት ላይ የሚሰማው ጉርምርምታ፣ የክፍሉ እምብርት ላይ፣ 1.7 ሜትር አካባቢ ሲደረስ፣ አንድ ሰው ድምፁን የቀነሰው ያህል ይጠፋል፤ ሁለት እርምጃ ጨምሮ ሶፋው ጋ ሲደረስ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ 60 ሄርዝ ማጫወት፦ እንዲህ ያለ ልዩነት የለም። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፣ ሳጥን ከመቆረጡም በፊት በሌላ ስፒከር ሊደረግ ይችላል። ለምን አስቀድሞ እንዳልተደረገ ዛሬም ያበሳጨኛል።

የሚሰጠው ምክር ደግሞ ብዙ ነው፤ ለዚህ ችግር አብዛኛው አይሠራም። «ወፍራም መጋረጃ ስቀል፣ የእንቁላል ካርቶን ለጥፍ» ይባላል። የ50 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ 6.86 ሜትር ነው፤ መጋረጃውን እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል። የእንቁላል ካርቶን ቢበዛ ከላይኛው ድምፅ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ቤዝን አይነካም። «ሶፋውን ከግድግዳው አርቀው» የሚለው በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነው፤ ግን ሶፋው 40 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ የሚቀንሰው 0.6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው፣ ጆሮ አያውቀውም። 3 ዴሲቤል ለመቀነስ 85 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ በ3.4 ሜትር ክፍል ውስጥ ያ የሩቡ ቦታ ነው። ስፒከሩን ወደፊት ማምጣትም ሒሳቡ ያው ነው። ከጀርባ ያለው ቀዳዳ ከግድግዳው 8 ሴንቲ ሜትር ርቋል፣ ይህም የራሱን ስፋት ሁለት እጥፍ ስለሆነ አየሩ አልታፈነም፤ ችግሩ መታፈን ሳይሆን ክፍሉ ይበልጥ በሚያዜምበት ቦታ ላይ ቀዳዳው አፉን መክፈቱ ነው።

ኢኳላይዘር (የተመረጠ ድግግሞሽን የሚቀንስ ወይም የሚጨምር ማስተካከያ) ይሠራል፣ ይህን መካድ አይቻልም። 50 ሄርዝ ላይ ጠበብ አድርጎ 6 ዴሲቤል መቀነስ ጉርምርምታውን ያበርደዋል። ግን ከስልክና ከኮምፒውተር ሲጫወት ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ሲገናኝ ዱምታው ተመልሶ ይመጣል።

«ቀዳዳ የሌለው ሳጥን ቤዝ የለውም» የሚል ሻጭ ሁሌም አለ። ለእሱ መልሱ ያረጀ ነው። ኤድጋር ቪልቸር እ.ኤ.አ. በ1954 አኮስቲክ ሪሰርች በተባለው ኩባንያ ያወጣው ኤአር 1 የተባለ ስፒከር ጥርቅም ያለ ዝግ ሳጥን ነበር፤ ዝናውም ከትንሽ ሳጥን ጥልቅ ቤዝ በማውጣቱ ነው። እዚያ ውስጥ የታሰረው አየር እንደ ስፕሪንግ ሆኖ የዉፈሩን ወረቀት (የሚንቀሳቀሰውን ኮን) ይይዘዋል። ሌላው ሻጭ ደግሞ በዋት ይመጣል፦ «እጥፍ ዋት ግዛ፣ ቤዙ ይስተካከላል»። እጥፍ ዋት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስል ወደ 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ደግሞስ ዋት ሲጨምር የሚጎርመረመረውም አብሮ ይጨምራል። ለዚህ ሳሎን 2.5 ሜትር ርቀት ላይ ለሚቀመጥ ሰው በአንድ ስፒከር ከ20 እስከ 30 ዋት ከበቂ በላይ ነው፤ በ24 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ክላስ ዲ የአምፕሊፋየር ቦርድ ያን ይሰጣል።

መፍትሔው መድፈን ነው፤ ግን በሥርዓቱ። ካልሲ ወይም ስፖንጅ መወተፍ ለሙከራ ጥሩ ነው፣ ልዩነቱን በአንድ ደቂቃ ያሳያል፤ ነገር ግን አየር ያሾልካል፣ ሳጥኑም ክፍትም ዝግም ሳይሆን ይቀራል። ከ12 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ዲያሜትሩ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ መቁረጥ፣ ከሥሩ 3 ሚሊ ሜትር የጎማ ስፖንጅ ማንጠፍና ከጀርባው ጋር በ4 አጫጭር ብሎኖች ማጥበቅ ይሻላል። ስፖንጁ አየር የማያሳልፈው ዓይነት መሆን አለበት፤ የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም። በኮላ አለመለጠፉም ይጠቅማል፣ አንድ ቀን ስፒከሩ ሰፊ ክፍል ቢገባ ይፈታል።

ቀዳዳ ያለው ሳጥን ትንሽ ቢያሾልክ ይቅር ይላል፤ ዝጉ ግን አይምርም። 40 ሄርዝ በመጠነኛ ድምፅ እያጫወቱ የረጠበ የእጅ ጀርባን በመገጣጠሚያዎቹ፣ በዉፈሩ ዙሪያና በገመድ መሰኪያው ዙሪያ ቀስ ብሎ ማዞር ያስፈልጋል። የሚያሾልክ ቦታ ካለ ቀዝቀዝ ያለ እስትንፋስ ቆዳ ላይ ይሰማል። እዚህ ስፒከር ላይ የተገኘው የገመድ መሰኪያው ጋ ነበር፦ ፕላስቲኩ በብሎን ብቻ ተይዞ ከሥሩ ምንም አልነበረውም። ቀጭን የሲሊኮን መስመር ዘጋው፤ ሲሊኮኑ ግን አንድ ሙሉ ቀን ሳይደርቅ ዉፈሩ መመለስ የለበትም፣ ትነቱ ለዉፈሩ ማጣበቂያ ጥሩ አይደለም። ከዚያ በእያንዳንዱ ሳጥን ከ100 እስከ 120 ግራም የፖሊስተር ጥጥ ተበትኖና ተፈልፍሎ ይገባል። ቀዳዳ ላለው ሳጥን ግድግዳውን ማልበስ ይበቃ ነበር፣ ለዝግ ግን ውስጡ ሁሉ ይሞላል፤ ሳይታመቅ፣ ዉፈሩንም ሳይነካ።

ስሌቱ ምን ይላል? 10 ሊትር ዝግ ሳጥን ውስጥ ዉፈሩ 70 ሄርዝ ላይ ይቃኛል፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ኪው 0.59 ይሆናል፤ ይህ ቶሎ የሚቆም ቤዝ ነው። 50 ሄርዝ ላይ ሳጥኑ የሚያወጣው ድምፅ ከበፊቱ ከ6 እስከ 7 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ክፍሉ ደግሞ እዚያው ላይ ይጨምራል፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ከ86 ሄርዝ በታች ሳጥኑ ብቻውን እየደከመ ይሄዳል፣ ግን ቁልቁለቱ በኦክታቭ (ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) 12 ዴሲቤል ነው፤ ቀዳዳ ያለው ግን ከተቃኘበት በታች በ24 ይወርዳል። ከስፒከሩ ጀርባ ያለው የክፍሉ ግድግዳም የታችኛውን ድምፅ ይደግፋል። ውጤቱን ለመስማት የሰለጠነ ጆሮ አያስፈልግም፦ የቤዝ ጊታሩ መስመር ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ ይለያል፣ ከበሮው ይመታና ያቆማል፣ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስማት ይቻላል።

የከፈልነውም አለ። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ሄርዝ ነው፤ እዚያ ላይ ከበፊቱ 4 ዴሲቤል ያህል ተቀንሷል። ድምፁ በጣም ሲከፈትም ዉፈሩ ቶሎ ይደክማል፤ ቀዳዳ በነበረው ጊዜ 50 ሄርዝ ላይ ወረቀቱ ቆሞ ቱቦው ይሠራለት ነበር፣ አሁን ሁሉንም በራሱ ይገፋል። ለጭፈራ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ይህን ስፒከር አይሥራ። ለሳሎን ግን በሙሉ ልብ ደግሜ እሠራዋለሁ።

ከመድፈኑ ጋር ክሮስኦቨሩም መነካት ነበረበት። ፊቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 575 ሄርዝ አካባቢ የታችኛውን ድምፅ ወደ ኋላ መበተን ይጀምራል፤ ሜዳ ላይ ለሚቆም ስፒከር እስከ 6 ዴሲቤል ማካካሻ ይሰጠዋል። ግድግዳ ለተጠጋ ይህ ይበዛል፣ የወንድ ድምፅ በርሜል ውስጥ የሚናገር ይመስላል። በክሮስኦቨሩ ላይ ያለው የዉፈሩ ኮይል (ጥቅል ሽቦ) ከ1.5 ወደ 1.1 ሚሊሄንሪ ሲወርድ ተስተካከለ፤ የአየር ኮይል ስለሆነ ሽቦውን እየፈቱ እየለኩ መቀነስ ይቻላል። ትዊተሩ ከዉፈሩ በ4 ዴሲቤል ስለሚበልጥ በተከታታይ 2.2 ኦም፣ ከትዊተሩ ጎን ለጎን 10 ኦም ሬዚስተር ይዟል። የዉፈሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ድግግሞሹ ከፍ ሲል እንዳይጨምር 7.5 ኦም ሬዚስተርና 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ተገጥመውለታል። የክሮስኦቨሩ ሁለት ኮይሎች ተራርቀው፣ አንዱ ተኝቶ አንዱ ቆሞ መቀመጥ አለባቸው፤ አለዚያ የአንዱ ማግኔታዊ መስክ ሌላውን ይነካል።

ቀጣዩ ሥራ የጀርባውን እንጨት መቀየር ነው፦ 20 በ33፣ 18 ሚሊ ሜትር፣ የገመድ መሰኪያው ብቻ የሚገባበት።